የሻለቃ ሃሽሪ መሰናበቻ ምሳ

የፊሊፒንስ ባሕር ኃይል መርማሪ ሻለቃ ፔርላ ዱማላግ ላንጊታን ደሴት ስትደርስ ሬሳው ገና ከመኮንኖች መመገቢያ አዳራሽ አልወጣም ነበር። የሚያነሳው ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ በባንዲራ ሳይስማሙ ቀርተው ነው። ሟቹ ሻለቃ ሃሽሪ የማሌዢያ ባሕር ኃይል መኮንን ነው፤ የሞተበት አፈር የፊሊፒንስ፣ ሊያድነው የደረሰው መርከብ ደግሞ የኢንዶኔዢያ። ሦስቱ አገሮች ባሕራቸውን ከኮንትሮባንዲስትና ከአጋች ባንድነት እንጠብቃለን ብለው ተፈራርመው፣ በዚህች ደሴት የጋራ ማዕከል ካቋቋሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እነሆ ግን አንድ ሬሳ በምን ጨርቅ ይሸፈን የሚለው ጉዳይ ከሰዓት በኋላውን በላባቸው። በመጨረሻ ከጓዳ የጠረጴዛ ልብስ ያመጣ ሰው ተገኘ፤ እግዜር ይስጠው።

ፔርላ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየች። ቁስል የለም፣ ደም የለም። ዐርባ ዓመት ያልሞላው፣ ፊቱ ክብ የሆነ ሰው ነው። ድሮ ሬሳ ስታይ ፊቷን ታዞር ነበር። ባሏ በቅኝት ላይ እንዳለ ባሕር ከበላው ወዲህ ግን ውስጧ ደንዝዟል። ሰው ሲሞት ማዘን እንደሚገባ ታውቃለች፤ ታውቃለች እንጂ አይሰማትም። ጨርቁን መለሰችና ወደ ገበታው ዞረች።

ገበታው እንዳለ ነበር። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የሙዝ ቅጠል ተነጥፎ፣ መሐሉን ሩዝ ተከምሮ፣ ግራና ቀኙን የተጠበሰ ዓሣ ተደርድሮበታል። ሳህን የለም፣ ወንበርም የለም። በወታደር ማዕድ ኮሎኔሉም ተራውም ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ቆሞ፣ በእጁ ከፊቱ ያለውን ይበላል። ሩዙ ላይ የጣቶች ፈለግ እንደታተመ ደርቋል።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ የማዕከሉ አዛዥ ኮሎኔል ማግባንዋ ከኋላዋ። «ቡተቴ ነው የገደለው። ያ ሲይዙት ሆዱን የሚነፋው መርዘኛ ዓሣ አለ አይደል? ምልክቱ እሱ ነው ብላለች የኢንዶኔዢያዋ ሐኪም።»

«ማን አበሰለው?»

«ጁላይሃ የምትባል የደሴቷ ሴት። ወንድሟ ጫካ ገብቶ የወጣ ሽፍታ ነው። መጋዘን ውስጥ ዘግቼባታለሁ። ነገ ጠዋት በጀልባ ዛምቦአንጋ ወህኒ ትወርዳለች። ነገ ቀትር ላይ የሦስቱ አገር ጄኔራሎች ውሉን ሊያድሱ ይመጣሉ፤ ከዚያ በፊት ይሄ ነገር መዘጋት አለበት። ገባሽ?»

«ገብቶኛል። ሌሎቻችሁ ዓሣውን አልበላችሁም?»

«እንዴት አንበላም! አንድ ገበታ እኮ ነው።»

«እናም አልሞታችሁም።»

ኮሎኔሉ አንገቱን አከከ። «እድል ነዋ!»

«ሲያመው ምን አለ?»

«‹ከንፈሬ ደነዘዘ› አለ። እኛ ሳቅን። ፈጣሪ ይቅር ይበለን፣ ሳቅን! የኢንዶኔዢያውን የሻምበል ዊራታማን ድልህ እያንቋሸሸ መስሎን ነዋ። ሁለቱ በድልህ ነገር ሲነቋቆሩ ነው የሚውሉት። ቆይቶ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት፣ ሩዙ ከእጁ ወደቀ፣ ትንፋሹ አጠረ። ያኔ ወደ ሬዲዮ ክፍል ደውዬ ‹መኮንን ወድቋል፣ መርከብ ጥራ!› ብዬ ዘጋሁት። የኢንዶኔዢያዎቹ መጡ፤ ሐኪማቸው ከጀልባው ዘላ ወርዳ ‹ሰውያችን የት አለ?› እያለች ትሮጣለች። ምን ያደርጋል፣ አልፎ ነበር። የማሌዢያዎቹማ ኋላ ነው የደረሱት።»

ፔርላ ገበታው ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች።

መጋዘኑ ውስጥ ጁላይሃ በሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስድሳ ዓመት ይሆናታል፤ እጇ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ ሻሿ ተንሸራቶ ሽበቷ ወጥቷል። አላለቀሰችም። ሴትየዋ የመጣባት ነገር ገና አልገባትም ነበር።

«እትዬ ጁላይሃ፣ ቡተቴ ያውቃሉ?»

«ኧረ ልጄ! እዚህ ደሴት ላይ ቡተቴ የማያውቅ ከከተማ የመጣ መኮንን ብቻ ነው። አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ ወደቡ ላይ ይጥሉታል። ውሻ እንኳ አይቀርበው።»

«ስለዚህ የፈለገ ሰው ሊያነሳው ይችላል።»

«የፈለገ። እኔ ግን ምን ልሁን ብዬ?» እጇን ዘረጋች። «ዛሬ እኔም ከዚያው ዓሣ ነው ምሳዬን የበላሁት።»

«ምሳው ላይ ነበሩ?»

«ሩዝ ስጨምር ነበር። ድልሃቸውን ሲለዋወጡ አይቼ ከልቤ ስቄያለሁ። እንደ ጣውንት ይናከሱ እንጂ ይዋደዱ ነበር እኮ፣ እነዚያ ሁለቱ።»

«እንዴት ተለዋወጡ?»

«ብርጭቆ ለብርጭቆ ነዋ። ዊራታማን ጠይቂው።» ጁላይሃ ቀና ብላ አየቻት። «እውነት ወህኒ ሊወስዱኝ ነው? እዚያ የገባ የእኛ ሰው ሲወጣ አላየሁም ልጄ። ወንድሜን ሰበብ አድርገው ያስቀሩኛል።»

እዚህ ላይ አንድ ደግ ቃል ይጠበቅ ነበር። ፔርላ ፈለገች፣ አጣች። «አጣራለሁ» ብላ ወጣች።

ሻምበል ዊራታማን ወደቡ ጫፍ ላይ አገኘችው። ረጅም የጃቫ ደሴት ሰው ነው። ከጎኑ ሰማያዊ ክዳን ያለው የድልህ ብርጭቆ አስቀምጦ ውኃውን ያያል።

«የሃሽሪ ነው» አለ ሳትጠይቀው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ድልሁን ከእኛ ነው የሰረቃችሁት› እለው ነበር። እሱ ደግሞ ‹እናንተን በርበሬ መውቀጥ ያስተማረቻችሁ አያቴ ናት› ይለኛል። እኔ የእሱን፣ እሱ የእኔን ቀምሰን አናውቅም። ክብር ነዋ! እናንተ ፊሊፒኖች ደግሞ የሚያቃጥል ነገር አትደፍሩም፤ ሦስተኛ የሚነካው የለም።»

«ዛሬስ ምን ተፈጠረ?»

«ዛሬማ መሰናበቻው ነው። ገበታው ላይ ቆመን ድንገት ‹አገሬ ልገባ ነው፤ የጠላትን ድልህ ጠርጎ ሳይበላ የሚሄድ ወንድ አይደለም!› አለና ብርጭቆዬን ከፊቴ ላፍ አደረገ። የራሱን ወደ እኔ ገፋው። እኔ አሻፈረኝ ብዬ ታገልኩ። ሁሉም አጨበጨቡ።»

«ሐሳቡ የእሱ ነበር?»

«የእሱ። እዚያው የመጣለት።»

«የእርስዎ ብርጭቆ ከምሳ በፊት የት ነበር?»

«አዳራሹ መደርደሪያ ላይ፣ ስሜ ተጽፎበት። ሁልጊዜ እዚያ ነው። ቁርስ ላይ ከእሱ በልቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም...» ዊራታማ ንግግሩን አቋረጠ። ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። «ቆይ። ለእኔ ነበር እንዴ?»

ፔርላ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ለእኔ የተላከውን በላልኝ?» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እንደ ተራ ወሬ ነው የወጣው፤ ለዚህ ነው የሚያስፈራው።

«ሻምበል፣ ነገ ለጄኔራሎቹ የሚሉት ነገር ነበር?»

«ነበር። ቅኝታችን በምሥራቅ ሲወጣ ኮንትሮባንዱ በምዕራብ ያልፋል፤ በምዕራብ ስንወጣ በምሥራቅ። አንዴ ቢሆን እድላቸው ነው እላለሁ። የምንሄድበትን ከውስጥ የሚነግራቸው ሰው አለ። የቅኝቱን ምስጢር የሚይዙት በሙሉ ይቀየሩ ልል ነበር። ትናንት ጠዋት ስብሰባ ላይ በግልጽ ተናገርኩ። ኮሎኔሉ ተቆጡ፤ ‹ወዳጅ አገርን መጠርጠር ነው፣ ውላችንን ታፈርሳለህ› አሉኝ።»

«ስብሰባው ላይ ማን ማን ነበር?»

«ኮሎኔሉ፣ ሃሽሪ፣ መቶ አለቃ ረንዶንና እኔ።»

መቶ አለቃ ረንዶን የሬዲዮ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ እንደ ኮሎኔሉ ሁሉ የፔርላ አገር ሰው። ስትገባ ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጣት፣ ወንበር ሳበላት፣ የደረቀ ማንጎ አቀረበላት። ሰው አክባሪ ነው። ከፊቱ ሦስት የሬዲዮ መነጋገሪያዎች ተደርድረዋል፤ ለየአገሩ መርከብ አንዳንድ። የማዕከሉ ልማድ ነው፤ መርከቦቹ ባንድ ባሕር ላይ ይዋሉ እንጂ እያንዳንዱ የሚሰማው በራሱ መስመር ነው፣ የታመመም ሰው ቢኖር የአገሩ መርከብ ነው የሚወስደው።

«አንተ ምሳው ላይ አልነበርክም?»

«ተረኛ ነበርኩ ሻለቃ። ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም፤ ምሳዬን እንኳ እዚሁ ነው ያመጡልኝ። ምን ልርዳዎት ብዬ ነው? እኔ ምንም ያላየሁ ሰው ነኝ።»

«ኮሎኔሉ ሲደውሉ ማን እንደታመመ ነግረውሃል?»

«ኧረ የለም። ጮኹና ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ያው መርከብ ጠራሁ።»

ፔርላ በመስኮቱ አየች። የማሌዢያዋ የቅኝት መርከብ አፍንጫቸው ሥር መልህቋን ጥላ ቆማለች።

«ያቺ ያኔም እዚያው ነበረች?»

«እ... አዎ፣ ነበረች። የኢንዶኔዢያዋ ራቅ ብላ ነበር። ግርግር ነዋ ሻለቃ፣ ሰው ሲደነግጥ እጁ ያገኘውን ያነሳል።»

«እውነትህን ነው» አለች ፔርላ። ማንጎዋን አኘከች። አልጣፈጣትም፣ አልጎመዘዛትምም።

ከዚያ ወጥታ ሃሽሪ ከበላበት ብርጭቆ የቀረውን ድልህ ይዛ ወደ ኢንዶኔዢያዋ ሐኪም ወደ ዶክተር ራትሪ ሄደች። ሁለት ነገር ጠየቀቻት፤ አንዱ ስለ ድልሁ፣ ሌላው በሬዲዮ ስለ ሰሙት ነገር ነበር።

ማምሻውን ኮሎኔሉ በደስታ አስጠራት። ሦስቱም አገሮች መግለጫውን አጽድቀውታል፤ «በአካባቢው ተቀጣሪ ጥፋት የደረሰ የምግብ አደጋ» ይላል። አጀብ ነው! ስለ ሬዲዮ መስመር፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ድንበር ሁለት ዓመት ሲጨቃጨቁ የኖሩ ሰዎች በጁላይሃ ላይ ባንድ ምሽት ተስማሙ። ማሌዢያን መክሰስ ያስቀይማል፣ ኢንዶኔዢያን መጠርጠር ውል ያፈርሳል፣ በፊሊፒንስ ማሳበብ አዛዡን ያሳፍራል። ጁላይሃ ግን መርከብ የላትም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

«ሕግ አክብራችሁ ልትወስዷት ከሆነ» አለች ፔርላ፣ «ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ሁላችሁንም አዳራሽ አግኝቼ ልናገር።»

«ምን ልትናገሪ?»

«ማን እንደገደለው።»

ኮሎኔሉ እጁን አወናጨፈ። «የፈለግሽውን ተናገሪ። ጀልባው ግን አይዘገይም።»

ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኮሎኔሉ፣ ዊራታማ፣ ረንዶን፣ ዶክተር ራትሪ፣ ሁለት ጠባቂዎችና በመካከላቸው እጇ የታሰረ ጁላይሃ። ሬሳው ሌሊቱን ወደ ማሌዢያዋ መርከብ ተወስዷል። ማንም ማንንም አያይም። ሐዘን ነው እንዳይባል የሚያለቅስ የለም፣ ፍርሃት ነው እንዳይባል የሚንቀሳቀስ የለም፤ ሁሉም ፈዝዟል።

«በአንድ ገበታ ሁላችሁም በላችሁ፣ አንድ ሰው ሞተ» ብላ ጀመረች ፔርላ። «ስለዚህ መርዙ ዓሣው ላይ አልነበረም። ሃሽሪ ብቻ የቀመሰው ምን ነበር? ዶክተር።»

«ድልሁ» አለች ራትሪ። «ከብርጭቆው ጥቂት ለአይጥ ሰጠሁ። ሞተች። የቡተቴ መርዝ ነው።»

«ታዲያ ብርጭቆው የእሱ ነው!» ኮሎኔሉ ዊራታማን ጠቆመ።

«የእሱ ነው። ቁርስ ላይ ግን ራሱ ከእሱ በልቷል። ምሳ ላይ ደግሞ ሃሽሪ ሳይታሰብ ነጠቀው። ብርጭቆ እንደሚለዋወጡ ቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሃሽሪ ራሱ እንኳ ያሰበው እዚያው ቆሞ ነው። ከተለዋወጡ በኋላ ብርጭቆው በሁሉም ዓይን ፊት ነበር። መርዙ የተጨመረው እንግዲህ በቁርስና በምሳ መካከል፣ ብርጭቆው መደርደሪያ ላይ እያለ ነው። ስም ተጽፎበታል፤ የታሰበው ለዊራታማ ነው። ሃሽሪን ሊገድል የፈለገ ሰው የለም። እኛ ሁላችን የሃሽሪን ጠላት ፍለጋ ስንባዝን የዋልነው በከንቱ ነው።»

«እሺ፣ ዊራታማን ማን ይጠላል?» አለ ረንዶን በትሕትና።

«የቅኝቱን መንገድ የሚሸጥ ሰው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ዊራታማ ደግሞ ቀዳዳውን ለጄኔራሎቹ ሊያሳይ ነበር። ይህንን ስብሰባው ላይ የሰሙት ኮሎኔሉ፣ ሃሽሪና አንተ ናችሁ። ጁላይሃ ስብሰባ አትገባም።»

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው?» ኮሎኔሉ ደም ሥሩ ተገታተረ።

«እስከ ትናንት ከሰዓት ጠርጥሬዎታለሁ፣ ኮሎኔል። ግን እርስዎ ገበታው ላይ ነበሩ። ብርጭቆው ሲለዋወጥ አጨብጭበዋል። ሃሽሪ ሲወድቅ የወደቀው ሃሽሪ መሆኑን አይተዋል። ጁላይሃም አይታለች። በዚህ ማዕከል ድልሁ እጅ መቀየሩን ያላየ አንድ መኮንን ብቻ ነበር፤ ምሳው ላይ ያልነበረው።» ወደ ረንዶን ዞረች። «ምሳው ላይ አልነበርኩም ብለህ ነጻ ልትወጣ ፈለግህ። የያዘህ ያው ነው።»

ረንዶን ፈገግ አለ። «ሻለቃ፣ መቅረት ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«ኮሎኔሉ ‹መኮንን ወድቋል› ብቻ ብለው ዘጉ። የማን እንደሆነ አልነገሩህም፤ ይህን ራስህ ነግረኸኛል። የማሌዢያዋ መርከብ መስኮትህ ሥር ነበረች። የራሳችን መርከብም ነበረ። አንተ ሁለቱንም ትተህ የራቀችውን የኢንዶኔዢያን ጠራህ።»

«ደንግጬ ነው አልኩዎ። እጄ ያገኘውን...»

«እጅህን ተወው፤ አፍህን እንጠይቅ። ዶክተር ራትሪ፣ በሬዲዮ ምን ተባላችሁ?»

ሐኪሟ ረንዶንን አየችው። «‹የእናንተ መኮንን ወድቋል፣ ቶሎ ድረሱ› ነው የተባልነው። ስወርድ ‹ሰውያችን የት አለ?› እያልኩ የሮጥኩት ለዚያ ነው። ዊራታማን በሕይወት ሳየው ግራ ገባኝ።»

ረንዶን ዊራታማን ለማየት ሞከረና አልቻለም።

«ዊራታማ እንደሚወድቅ የምታውቀው ቀድመህ ስላዘጋጀህለት ነው» አለች ፔርላ። «ሬሳውን እንኳ ለአገሩ መርከብ ልታስረክብ ቸኩለሃል፤ እንደ ሥራው ደንብ። በዚያ ችኮላ የማሌዢያዋ ሐኪም ዘገየች። ብትደርስለት መርዙ እስኪለቀው በአፏ ትተነፍስለት ነበር፤ ምናልባት ይተርፍ ነበር።»

«ሃሽሪን እኮ እወደው ነበር» አለ ረንዶን። ድምፁ የተኛ ሰው ድምፅ ነበር። ጠባቂዎቹ ከጁላይሃ እጅ ላይ ገመዱን ፈተው በዚያው ገመድ እሱን አሰሩት፤ ሌላ ገመድ አልነበራቸውም።

ኮሎኔሉ ሰዓቱን አየና ነፍስ ዘራ።

«ደግ ነው፤ ጥፋቱን በጊዜ ማወቃችን ራሱ የትብብራችን ውጤት ነው። መግለጫውን እናስተካክላለን። ጁላይሃ፣ አይዞሽ፣ ነጻ ነሽ፤ ተረፍሽ! በይ አሁን ወደ ጓዳ። ጄኔራሎቹ ቀትር ላይ ይገባሉ፣ ያንን ዓሣሽን ትሠሪላቸዋለሽ።»

ጁላይሃ ገመዱ ያሰመረበትን እጇን እያሻሸች አየችው። ሻሿን አስተካከለች። ስትናገር አልጮኸችም።

«ሁለት ዓመት ለሦስት አገር አበሰልኩ። የማን ሆድ ምን እንደሚስማማው አውቃለሁ። አንተ ሲያምህ አጥሚት ያጠጣሁህ እኔ ነኝ፣ ኮሎኔል። ከሦስቱ አገር አንድ ሰው እንኳ፣ አንድ፣ ‹ጁላይሃ ይህን አታደርግም› አላለም።»

ዊራታማ አንገቱን ደፋ። እሱም አላለም ነበር።

«እትዬ ጁላይሃ፣ እኔ...» ብላ ጀመረች ፔርላ።

«አንቺም አላልሽም ልጄ። አንቺ አጣራሽ።»

ሽርጧን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ወህኒ ሊወስዳት ተዘጋጅቶ በነበረው ጀልባ ገብታ ተቀመጠች። ጀልባ ነጂው ወዴት እንደሚወስዳት ሲጠይቃት ቤቷን በእጇ አሳየችው።

«ታዲያ ምሳውን ማን ሊሠራው ነው?» አለ ኮሎኔሉ።

ፔርላ መስኮቱ ጋ ቆማ ጀልባው ሲርቅ አየች። የደነዘዘው ውስጧ ነቃ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ነገር ተሰምቷት ነበር። አፈረች።